ሳይቃጠል በቅጠል፦ ከአደጋ በኋላ የቆሙ የሁለት ቤቶች ታሪክ



ስለ ዕድር ጥቅም ለእናንተ መናገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። ድንኳኑ የተገዛው ሰው ከሞተ በኋላ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ የውሃ በርሜሉ ተቆጥሮ መጋዘን የገባው ማንም ባልታመመበት በደጉ ቀን ነው። ስለዚህ ጥሩምባ በተነፋ ጊዜ ድንኳን የሚተክለው ማነው፣ ውሃ የሚቀዳው ማነው፣ ለቀብር ወጪ የሚከፍለው ማነው የሚል ክርክር አይሰማም። ሁሉም ተራውን ያውቃል።

ታዲያ ወርኃዊ መዋጮ የሚወጣበት እንጀራችን፣ ማለትም ሱቁ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ልብስ ስፌቱ፣ ጋራዡና ሻይ ቤቱ፣ እንዲህ ያለ ዝግጅት አለው ወይ? ለሞት የተዘጋጀ ሰፈር ለኑሮው ሳይዘጋጅ ሊገኝ ይችላልና ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ሱቅ ሲቃጠል ወይም ጎርፍ ሲገባበት የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። በሥሩ ያሉት ሠራተኞች ይበተናሉ፤ ዕቃ በዱቤ የሰጠው ጅምላ ነጋዴ ይጨነቃል፤ የዕድሩም መዋጮ ይጓደላል። በዚህ ምክንያት ለዘንድሮው መጽሔታችን ከሩቅ አገር ሁለት ታሪኮች መርጠን አቅርበናል። ሁለቱም የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የክፉ ቀን ሥራ የሚሠራው በደግ ቀን መሆኑን ነው።

የብርቱካኑ ጋሪ

የመጀመሪያው ታሪክ የተፈጸመው በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሳንፍራንሲስኮ ከተማ ነው። አማዴኦ ጃኒኒ የሚባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1870 ከኢጣልያ ተሰድደው ከመጡ ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተበት አትክልትና ፍራፍሬ በጅምላ በሚነግደው በእንጀራ አባቱ እጅ አደገ። ትምህርቱን በጊዜ ትቶ ወደ ንግዱ ገባና ከገበሬው፣ ከቸርቻሪው፣ ከጋሪ ነጂው ጋር በስም የሚተዋወቅ ነጋዴ ሆነ። በዚያን ዘመን የነበሩት ባንኮች በራቸውን የሚከፍቱት ለትልልቆቹ እንጂ ለአትክልት ሻጭ፣ ለዓሣ አጥማጅ፣ ለግንበኛ አልነበረም። ጃኒኒ ይህን አይቶ ኦክቶበር 17 ቀን 1904 ኢጣልያውያን በሚበዙበት ሰፈር «የኢጣልያ ባንክ» የሚባል ትንሽ ባንክ ከፈተ። ቤቱ ቀድሞ መጠጥ ቤት የነበረ ነው።

ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 1906፣ ሊነጋጋ ሲል 11 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ምድር ተናወጠች። ከተማይቱን አብዝቶ የፈጃት ግን መንቀጥቀጡ ሳይሆን ተከትሎት የመጣው እሳት ነበር። የውሃ ቧንቧዎች ስለተሰበሩ ማጥፊያ ጠፋ፤ እሳቱም ቀናት ሙሉ ነደደ። ከ28,000 የሚበልጡ ሕንፃዎች ወደሙ፤ የሞተው ሰው 3,000 ያህል እንደሚሆን ይገመታል፤ ከ400,000 ያህል ነዋሪ ከግማሽ የሚበልጠው ሜዳ ላይ ወደቀ።

ጃኒኒ ይኖር የነበረው ከከተማው 27 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሳን ማቴዎ ነበር። ባቡር ካደረሰው በኋላ የቀረውን መንገድ በእግሩ ተጉዞ ቀትር ገደማ ባንኩ ደረሰ። ሠራተኞቹ እንደ ወትሮው በሩን ከፍተው አገኛቸው። በእጅ ያለው ገንዘብ ወርቅና ብር ሆኖ 80,000 ዶላር ያህል ነበር። እሳቱ እየቀረበ መጣ፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ ዘራፊ ተሰማርቷል። በዚህ ጊዜ ጃኒኒ ከእንጀራ አባቱ ድርጅት የአትክልት ጋሪዎች አስመጣ። ገንዘቡንና የባንኩን መዝገብ ከሥር ጭኖ በላዩ የብርቱካን ሣጥን ደረደረበት፤ ጨለማን ተገን አድርጎም ቤቱ አደረሰው። ያ ገንዘብ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ብርቱካን ብርቱካን ይሸት ነበር ይባላል።

ትልልቆቹ ባንኮች ገንዘባቸውን በብረት ካዝና ቆልፈው ነበር። ካዝናውስ አልተሰበረም። ነገር ግን ብረቱ እንደ ምድጃ ግሎ ስለነበረ ሳይበርድ ቢከፈት አየር ገብቶ በውስጡ ያለውን ወረቀት ያነደዋል። ስለዚህ ባለቤቶቹ በገዛ ገንዘባቸው ፊት ቆመው ሳምንታት መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ጃኒኒ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደቡ ዳር ወርዶ በሁለት በርሜል ላይ ሳንቃ አጋደመና ባንኩን ከፈተ። መያዣ የሚያስይዘው ንብረት የተቃጠለበት ሰው በፊርማውና በቃሉ ተበደረ። መርከብ ያላቸውም ገንዘብ ተሰጥቷቸው የቤት መሥሪያ እንጨት እንዲያመጡ ተላኩ። ሰፈሩም ፈጥነው ከተሠሩት ሰፈሮች አንዱ ሆነ።

ይህን የሰማ ሰው «ደፋር ነበር» ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ ደፋር ነበር። ድፍረት ብቻውን ግን ባንክ አይከፍትም። ልብ ልንለው የሚገባን ከአደጋው በፊት የነበረውን ነው። አንደኛ፣ ጃኒኒ መዝገቡን ከወርቁ እኩል ቆጥሮ አወጣው። ማን ምን ያህል እንዳስቀመጠ፣ ማን ምን ያህል እንደተበደረ የሚናገረው መዝገብ ቢቃጠል ኖሮ ወርቁ ብቻውን ክርክር እንጂ ባንክ አይሆንም ነበር። ሁለተኛ፣ በጭንቅ ሰዓት ጋሪ የሚሰጠውን ቤት ያውቅ ነበር። ሦስተኛ፣ ደንበኞቹን ያውቅ ነበር። ቃሉን የሚጠብቀውንና የሚያጥፈውን ለይቶ ያወቀው በዚያ ሳንቃ ላይ ተቀምጦ ሳይሆን ከልጅነቱ ጀምሮ ገበያ ውስጥ ሲመላለስ ነው። መተማመን በአንድ ቀን አይገዛም። ያ ትንሽ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1930 ስሙን ለውጦ «ባንክ ኦፍ አሜሪካ» ተባለ፤ ዛሬም ከዓለም ትልልቅ ባንኮች አንዱ ነው።

ሰውን ያስቀደመው ዘበኛ

የጃኒኒ ታሪክ የመዝገብና የመተማመን ታሪክ ነው። ነገር ግን መዝገብ ያለ ሠራተኛ ምን ይሠራል? ሁለተኛው ታሪካችን ስለ ሠራተኞች ነው፤ ቦታውም እዚያው አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ከተማ ነው።

ሪክ ሬስኮርላ እ.ኤ.አ. በ1939 በእንግሊዝ አገር የተወለደ፣ በኋላም በአሜሪካ ጦር ውስጥ በቬትናም የተዋጋ መኮንን ነበር። ከውትድርና ከወጣ በኋላ በመንትዮቹ ሕንፃዎች ውስጥ ይሠራ የነበረ የአክሲዮን ነጋዴ ድርጅት የጥበቃ ኃላፊ ሆነ። ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ሞርጋን ስታንሊ ከሚባለው ጋር ተቀላቀለ። ሬስኮርላ ገና ቀደም ብሎ ከሕንፃው ሥር ያለው የመኪና ማቆሚያ ፈንጂ ለሚያመጣ ሰው ክፍት ነው ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፤ የሰማው የለም። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1993 እዚያው ቦታ ላይ በመኪና የመጣ ፈንጂ ፈንድቶ 6 ሰዎች ገደለ፤ ከ1,000 በላይ አቆሰለ።

ከዚያ በኋላ ሬስኮርላ «እንደገና ይመጣሉ» እያለ ድርጅቱ ከሕንፃው እንዲወጣ መከረ። የኪራዩ ውል እስከ 2006 ድረስ የተያዘ ስለነበረ ሳይሆን ቀረ። እሱ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በየሦስት ወሩ ሠራተኛውን ሁሉ ከወንበሩ እያስነሣ፣ ሁለት ሁለት እያሰለፈ፣ በደረጃ መውረድ ያለማምድ ጀመር። አለቃም ሆነ ተላላኪ የሚቀር አልነበረም። «ስልክ ላይ ነን፣ ሥራችንን አስፈታኸን፣ ምን ይሉት ጣጣ ነው!» ብሎ ያጉረመረመው ብዙ ነበር።

ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጧት 2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ የመጀመሪያው አውሮፕላን ሰሜናዊውን ሕንፃ መታ። ሞርጋን ስታንሊ የነበረው በደቡባዊው ነው። በሕንፃው ድምፅ ማጉያ «ባላችሁበት ቆዩ» ተባለ። ሬስኮርላ ግን ያን አልተቀበለም፤ የእጅ ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ «ውጡ» አለ። ሠራተኞቹም ለዓመታት እያጉረመረሙ እንደተለማመዱት ሁለት ሁለት ሆነው ወረዱ። ሁለተኛው አውሮፕላን 3 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ላይ ደቡባዊውን ሕንፃ ሲመታ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ነበሩ። በደረጃው ላይ ድንጋጤ እንዳይነግሥ የትውልድ አገሩን ዘፈን እየዘፈነ ያበረታታቸው ነበር። 3 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ላይ ሕንፃው ፈረሰ። ከ2,700 ያህሉ የድርጅቱ ሠራተኞች የሞቱት 13 ናቸው። ከነዚህም አንዱ የቀረ ሰው እንዳለ ሊያይ ወደ ላይ የተመለሰው ሬስኮርላ ራሱ ነው።

ዝግጅት ሁሉን አያድንም፤ ሬስኮርላ ራሱ ሕይወቱን ሰጥቷል። ነገር ግን በሚቀጥለው ሳምንት የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ እንደገና ሲከፈት ድርጅቱ ሕንፃውን እንጂ ሠራተኛውን አላጣም ነበር። ጠረጴዛ ይገዛል፤ ፎቅ ይከራያል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን ከሞተ በምን ይተካል?

ወደ ቤታችን ስንመለስ

እነዚህ የሩቅ አገር ታሪኮች ናቸው ብለን የምናልፋቸው አይደሉም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ የብዙ ነጋዴን ሀብት እንዳወደመ ሁላችንም ሰምተናል። እንዲህ ባለ ቃጠሎ ከዕቃው ጋር የዱቤ ደብተር፣ ደረሰኝና ውል አብሮ ይነዳል። ያን ጊዜ ያበደረውም የተበደረውም በእግዜር ፊት ካልተማመኑ በቀር ማስረጃ የላቸውም። መድን የገባ ሰው ከሌላው የተሻለ ነው፤ ሆኖም መድን ሰጪውም ቢሆን «ምን ነበረህ?» ብሎ የሚጠይቀው ያንኑ ደብተር ነው።

ስለዚህ በበኩላችን የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ፣ የዱቤና የዕቃ መዝገብ ሁለት ቅጂ ይኑረው። አንዱ ሱቅ፣ ሌላው ቤት ወይም ታማኝ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። በየሳምንቱ ገጹን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለልጅ ወይም ለወንድም መላክም ያው ነው።

2ኛ፣ ሠራተኛ ሁሉ የአደጋ ጊዜ ተራውን ይወቅ። መብራት ቆጣሪውን የሚያጠፋው ማነው? ጋዙን የሚዘጋው ማነው? ለእሳት አደጋ የሚደውለው ማነው? ደንበኛውን የሚያስወጣው ማነው? በዓመት ሁለት ጊዜ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት ሩብ ሰዓት ወስዶ መለማመድ ሥራ አያስፈታም።

3ኛ፣ ከጎረቤት ነጋዴ ጋር ቀድሞ መነጋገር ይገባል። «የእኔ ቤት ቢቃጠል ለአንድ ወር በአንተ በር ላይ እሸጣለሁ፤ ያንተ ቢሆን አንተ በእኔ» መባባል ወጪ የለውም። የጃኒኒ ጋሪ ማለት ይኸው ነው።

4ኛ፣ የዕድራችን መዝገብስ? የአባላት ስም፣ የመዋጮው ሒሳብ፣ የዕቃው ቆጠራ ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ሣጥን የሚቀመጥ ከሆነ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ሁለተኛ ቅጂ ተዘጋጅቶ በሌላ ቤት እንዲቀመጥ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ እንዲወሰን ሐሳብ እናቀርባለን።

«ክፉ አታውሩ፣ ሟርት ነው» የሚሉ ወገኖች እንደሚኖሩ እናውቃለን። ለነሱ ያለን መልስ አጭር ነው። ድንኳን ስለገዛን የሞተ ሰው የለም፤ ብረት ድስት ስላስቀመጥን ሐዘን አልበዛም። ሐዘኑ ሲመጣ ግን ባዶ እጃችንን አላገኘንም። ሱቃችንም እንዲሁ ይሁን።

ክፉውን ሁሉ ያርቅልን። ቢመጣም ተዘጋጅተን ያግኘን።