ጋዙ የኛ ነው፤ ጆንያውስ የማን ነው?

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንዲያመርት የታቀደ ነው። በዚያው ሰሞን ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት የማዳበሪያ ፋብሪካ ሥራ ተጀመረ። ፋብሪካው 2.5 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል፤ 60 በመቶው የዳንጎቴ፣ 40 በመቶው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ነው። የድፍድፍ ነዳጅ ማጣሪያም ታቅዷል።

ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሏል፦ ባለቤቱ ማነው? ቻይናው ስንት ይወስዳል? ናይጄሪያዊው ስንት ይወስዳል? ለመንግሥት ምን ይተርፋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ከሱ እኩል የሚመዝን ሌላ ጥያቄ አለ፤ እሱን ሲጠይቅ የምሰማው ሰው ጥቂት ነው። ለነዚህ ፋብሪካዎች ዕቃና አገልግሎት የሚያቀርበው ማነው?

የጋዝ ሥራ ብዙ ሰው የሚቀጥር ሥራ አይደለም። ግንባታው ሲያልቅ አብዛኛው ሠራተኛ ይሰናበትና በቋሚነት የሚቀረው ጥቂት ባለሙያ ነው። ገንዘቡ የሚፈሰው በግዢ በኩል ነው፦ ብየዳ፣ ቧንቧ፣ ቫልቭ፣ ብሎን፣ የደህንነት ጫማ፣ የካምፕ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ጥገና፣ የላቦራቶሪ ምርመራ። ይህ ሁሉ በኮንቴይነር ከውጭ ከመጣ ጋዙ የኛ ሆኖ ሥራው የሰው ይሆናል። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ያልነው ለዘመናት ለወንዙ ነበር፤ ለጋዙ እንዳንደግመው እሰጋለሁ።

ከኢንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ተቀምጠህ ስለ ኦጋዴን ጋዝ ምን አገባህ የሚለኝ ይኖራል። በሁለት ምክንያት ያገባኛል። አንደኛው ዩሪያውን የሚጠብቀው የዚህ አገር ገበሬ መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም ክረምት መግቢያ የአማራ ክልል ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ አቤቱታውን ይዞ አደባባይ እንደወጣ አልተረሳም። ሁለተኛው ደግሞ ይህ የአዊ ዞን ስለ ሀገር ውስጥ አቅራቢ ሁለት ትልልቅ ትምህርቶች በጉያው የያዘ መሆኑ ነው። ወደነሱ ከመድረሳችን በፊት የነዳጁን ታሪክ እንይ።

የአሰብ ማጣሪያ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ፤ በ1997 ተዘጋ። ለሠላሳ ዓመት ድፍድፍ ሲያጣራ የሠለጠኑ ሠራተኞች ወጥተውበታል። ግን በዙሪያው ለማጣሪያው መለዋወጫ የሚሠራ፣ ነገ ማጣሪያው ቢዘጋ ለሌላ ፋብሪካ መሥራት የሚችል የአቅራቢዎች ሰፈር አልተፈጠረም። ማጣሪያው ሲቆም ሙያውም አብሮ ተበተነ።

ካሉብም ከዚህ አይለይም። ጋዙን በ1960ዎቹ አጋማሽ ያገኘው ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። አብዮቱ መጣ፣ ቴኔኮ ወጣ፣ በደርግ ዘመን የሶቪየት ባለሙያዎች ተተክተው ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ። ደርግ ሲወድቅ እነሱም ወጡ። በኢሕአዴግ ዘመን የካሉብ ጋዝ አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ፣ የማሌዥያው ፔትሮናስ መጥቶ ሄደ፣ በ2006 ዓ.ም የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ውል ፈረመ። እያንዳንዱ ሲመጣ ዋናውን መሣሪያና ዋናውን ባለሙያ ይዞ መጣ፤ ሲሄድም ይዞ ሄደ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ፍለጋ ለሀገሬው የቀረው ጥበቃ፣ ቁፋሮ ጉልበት ሥራና ሾፌርነት ነው።

የአካባቢው ሰው ድርሻ ከዚያም ያነሰ ነበር። ሚያዝያ 1999 ዓ.ም አቦሌ በሚገኝ የቻይና ኩባንያ የነዳጅ ፍለጋ ካምፕ ላይ ኦብነግ ባደረሰው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል። ግድያውን የሚያጸድቅ ምክንያት የለም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ልንማር የሚገባን አንድ ነገር አለ። የሺላቦና የቀብሪ ደሃር ነጋዴ፣ አርብቶ አደርና ወጣት ከካምፑ ጋር የሚያስተሳስረው ገበያ ከሌለው፣ ካምፑ ለሱ በአጥር የተከለለ የባዕድ መንደር ነው። ስለዚህ የሀገር ውስጥ አቅራቢ ስንል መቁጠር የምንጀምረው ከዚያው ከጉድጓዱ ዙሪያ መሆን አለበት።

አሁን ወደ አዊ እንምጣ።

ጃዊ ወረዳ የጣና በለስ ስኳር ፕሮጀክት መቀመጫ ነው። በ2002 ዓ.ም የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሁላችንም ሜቴክ የምንለው፣ ሲቋቋም ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር፦ ሀገሪቱ ፋብሪካ ስትሠራ ማሽኑንም ራሷ ትሥራ። የ10 ስኳር ፋብሪካዎች ግንባታ ተሰጠው፤ የጃዊዎቹም ነበሩበት። የህዳሴ ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ተሰጠው። የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካም ተሰጠው። በዚያ ላይ ትራክተርና አውቶቡስ ይገጣጥም ነበር።

ውጤቱን ጃዊ ያየ ያውቀዋል። አገዳው ተተከለ፣ ደረሰ፣ ፋብሪካው አልደረሰም። አገዳው ዕድሜው አልፎ ተበላሸ። በመጨረሻ ሥራው ወደ ቻይና ተቋራጭ ዞሮ ቁጥር አንድ ፋብሪካ ስኳር ማምረት የጀመረው በ2013 ዓ.ም ነው። የግድቡም ውል በነሐሴ 2010 ዓ.ም ከሜቴክ ተነጠቀ። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ላይ፣ ማለትም በ2011 ዓ.ም፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሰጠው መግለጫ ኮርፖሬሽኑ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ፈጽሟል አለ። የውጭ ግዢን ሊተካ የተቋቋመ ድርጅት ዋነኛ የውጭ ገዢ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ከሜቴክ የወሰደው ትምህርት ሌብነትን ብቻ ነው። ሌብነቱ እንዳለ ሆኖ፣ የአሠራሩ ስሕተት ከሱ ይቀድማል። አንድ ተቋም ሁሉን ሥራ ያለ ተወዳዳሪ ሲወስድ፣ ዋጋውን የሚያመዛዝን፣ ጥራቱን የሚፈትን፣ ሲዘገይ የሚተካው የለም። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሀምሳውን ሎሚ ለአንድ ሰው አሸክመን ነው የወደቅነው።

ከዚሁ ዞን ሳንወጣ ተቃራኒውን እንይ። ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ አዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ ገበሬው ከ1980ዎቹ ወዲህ ዲከረንስ የሚባለውን የአውስትራሊያ ግራር መትከል ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ መሀል ጤፍ ወይም ስንዴ ይዘራል፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱም አርፎና ለምቶ እንደገና ይታረሳል። ይህ ሥራ ወደ ባንጃም ተስፋፋ። ችግኝ የሚያፈላ አለ፣ መሬት የሚያከራይ አለ፣ ቆራጭ አለ፣ አክሳይ አለ፣ ጫኝ አለ፣ ደላላ አለ፣ አይሱዙ የሚያሽከረክር አለ። ከአዲስ አበባ ምድጃ እስከ አዊ ማሳ ያለው ሰንሰለት በሙሉ በሀገሬው እጅ ነው። ማንም አዋጅ አላወጣለትም፤ ማንም ሪባን አልቆረጠለትም።

ለምን ሠራ? ገዢው የታወቀ ነበር፤ አዲስ አበባ ከሰል ትፈልጋለች። መግቢያው ዝቅተኛ ነበር፤ ሩብ ሄክታር ያለው ገበሬ ይጀምራል። ዕውቀቱ ከጎረቤት ጎረቤት ይሻገራል። ክፍያው በእጅ በእጅ ነው። ሜቴክ ከነዚህ አራቱ አንዱም አልነበረውም።

ይህ ማለት ግን የከሰሉ ሥራ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ዲከረንሱን በሽታ መታው፤ በአንድ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ቤተሰብ ሁሉ ተናጋ። ምርምሩ፣ የበሽታ ክትትሉ፣ አማራጭ ዝርያው ከገበሬው አቅም በላይ ነው፤ መንግሥት መግባት የነበረበት እዚያ ላይ ነው። ገበያ ብዙ አቅራቢ ይፈጥራል፤ የሙያ ደረጃና ምርምር ግን በራሱ አይፈጥርም።

ሌሎች ሀገሮች ያለፉበት መንገድም ይህንኑ ይነግረናል። ኖርዌይ በሰሜን ባሕር ኤኮፊስክ የሚባለውን የነዳጅ ክምችት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ፣ በ1972፣ የኖርዌይ ዕቃና አገልግሎት በዋጋ፣ በጥራትና በመድረሻ ጊዜ ተወዳዳሪ ከሆነ ቅድሚያ እንዲያገኝ ደነገገች። ልብ በሉ፤ ተወዳዳሪ ከሆነ ነው ያለችው። መርከብ ይሠሩ የነበሩ ግቢዎቿ የነዳጅ መድረክ ወደ መሥራት ዞሩ። ናይጄሪያ ኦሎይቢሪ ላይ ነዳጅ ያገኘችው በ1956 ሲሆን፣ የሀገር ውስጥ አቅራቢ ሕጓን ያወጣችው በ2010 ነው። በመሀል ያለፉት 54 ዓመታት የሌሎች ድርጅቶች ዓመታት ነበሩ። ኡጋንዳ በ2006 አግኝታ፣ ገና አንድ በርሜል ሳትሸጥ ለዜጎች ብቻ የሚተዉ ሥራዎችን በዝርዝር አወጣች፤ ትራንስፖርት፣ ምግብ፣ ጥበቃ፣ ማረፊያና ሌሎችም። አቅራቢዎቿን መዘገበች፣ በያጆቿን በዓለም አቀፍ ደረጃ አስፈተነች።

ኛም ብንሆን ትእዛዝ ብቻውን እንደማይበቃ ከራሱ ከዳንጎቴ ጋር አይተናል። በ2009 ዓ.ም የምሥራቅ ሸዋ ዞን የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ፑሚስ የማውጣቱን ሥራ ለሥራ አጥ ወጣቶች ማኅበራት እንዲለቁ ሲያዝ፣ ኩባንያው ፋብሪካዬን እዘጋለሁ እስከ ማለት ደረሰ። የወጣቶቹ ጥያቄ ፍትሐዊ ነበር። ግን ፋብሪካው ከተሠራ በኋላ በደብዳቤ የሚመጣ ድርሻ ሁልጊዜ ጠብ ይዞ ይመጣል። ድርሻው መጻፍ ያለበት በውሉ ላይ፣ ከግንባታው በፊት ነው።

ለጎዴ ጊዜው አሁን ነው። ፋብሪካው በ40 ወር እንዲያልቅ ታቅዷል። መደረግ ያለበት የተወሳሰበ አይደለም።

አንደኛ፣ የሚፈለገው ዕቃና አገልግሎት ዝርዝር፣ ከነመጠኑና ከነጥራት ደረጃው፣ ከጨረታው ቢያንስ ሁለት ዓመት ቀድሞ ለሕዝብ ይውጣ። የድሬዳዋ ቶርኖ ቤት ምን እንደሚፈለግ ሳያውቅ ሊዘጋጅ አይችልም።

ሁለተኛ፣ ሥራው ተከፋፍሎ ይውጣ። አንድ ሺህ ቫልቭ የሚጠግን ድርጅት የለንም፤ ሀምሳ የሚጠግን ግን ማፍራት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ብየዳና ምርመራ በዓለም አቀፍ ፈተና ይረጋገጥ። ከጎዴ እስከ ኢንጅባራ ያሉ የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች በየዓመቱ በያጅ ያስመርቃሉ፤ የጋዝ ቧንቧ ግን በዲፕሎማ ብቻ አያስጠጋም።

አራተኛ፣ ክፍያ በወቅቱ ይሁን፤ የግዢ ውሉም ለባንክ ማስያዣ ሆኖ ይያዝ። ትንሽ አቅራቢን የሚገድለው የችሎታ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ስድስት ወር የዘገየ ሒሳብም ይገድለዋል።

አምስተኛ፣ ለሀገር ውስጥ አቅራቢ የሚሰጥ ቅድሚያ የጊዜ ገደብ ይኑረው። ማለቂያ የሌለው ከለላ ሌላ ሜቴክ ያበቅላል።

ከቀላሉ እንጀምር ከተባለ፣ ጆንያው አለ። 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ በ50 ኪሎ ሲታሸግ በዓመት 60 ሚሊዮን ጆንያ ይፈልጋል። በኛ አገር ጆንያው ራሱ ስሙ ማዳበሪያ ነው፤ ከሰል በማዳበሪያ፣ ድንች በማዳበሪያ እንላለን። ከውጭ የገባው ማዳበሪያ ማሳ ላይ ካለቀ በኋላ ባዶ ጆንያው የአዊን ከሰል ጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። ጆንያ ለመሥራት የጠፈር ሳይንስ አያስፈልግም፤ ማሽን፣ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ፣ የሠለጠነ ሰውና አስቀድሞ የተፈረመ የግዢ ውል ይበቃል።

የጎዴው ዩሪያ አንድ ቀን ኢንጅባራ ሲደርስ ገበሬው መጀመሪያ የሚያየው ዋጋውን ነው። እኔ ግን ጆንያውን ገልብጬ የት እንደተሠራ የሚለውን አነባለሁ።