የጎልደን ጌት ድልድይ መረብ፤ በገንዘብ እጦት ዘመን ስለ ሠራተኛ ደኅንነት

በታላላቅ የሕንፃ ሥራዎች ታሪክ ውስጥ የሠራተኛው ሕይወት የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ሥራው ካለቀ በኋላ፥ በመታሰቢያው ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። ሰዎቹ ስለ ምን ሞቱ ተብሎ ሲጠየቅም «በጀቱ አልበቃም» የሚለው መልስ የተለመደ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ መልሱን ለመመርመር በአንድ አገርና በአንድ ዘመን የተሠሩ ሁለት ሥራዎችን እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘመኑ የአሜሪካ ሕዝብ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የተጨነቀበት ነው። በኔቫዳና በአሪዞና ወሰን፥ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ፥ ከ1931 ጀምሮ ዛሬ ሁቨር የሚባለው ግድብ ይሠራ ነበር። ስድስት ኩባንያዎች ተባብረው ሥራውን በ48.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተዋዋሉ። ውሉ ለዘገየው ቀን ሁሉ ከባድ መቀጫ ስለ ጣለባቸው ችኮላው ብርቱ ነበረ። ወንዙን ለማዞር ዋሻ ሲቆፈር ቤንዚን የሚያነዱ የጭነት መኪናዎች ወደ ውስጥ ይገቡ ነበርና ጢሱ ሠራተኛውን ያሳምመው ጀመር። የኔቫዳ የማዕድን ሕግ ይህን ይከለክል ነበር። ኩባንያዎቹ ግን መኪናዎቹን በማስወጣት ፈንታ ፍርድ ቤት ሄዱ፥ ተፈረደላቸውም። በውጭ ደግሞ ከገደሉ ድንጋይ ይናድ ስለ ነበር ሠራተኞቹ የጨርቅ ባርኔጣቸውን ሬንጅ ውስጥ እየነከሩ በማድረቅ ለራሳቸው መከላከያ አበጁ። ኩባንያዎቹ የራስ ቁር ገዝተው ያደሉት ይህ ጥቅሙ ከታየ በኋላ ነው። በመንግሥት መዝገብ 96 ሰዎች በሥራ አደጋ ሞተዋል፤ በሙቀትና በሳንባ ምች የሞቱት በዚህ ቁጥር አይገቡም። (የሳንባ ምች ከተባለው ውስጥ ስንቱ የዋሻው ጢስ እንደ ነበረ ሠራተኞቹ በጊዜው አጥብቀው ይጠይቁ ነበር።)

የሁለተኛው ሥራ ከረጢት ከዚህ ያነሰ ነበር። በ1930 የሳን ፍራንሲስኮና የአጎራባቾቿ ሕዝብ ቤቱንና እርሻውን መያዣ አድርጎ ለጎልደን ጌት ድልድይ የ35 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ እንዲወጣ በድምፁ ወሰነ። ነገር ግን ገበያው ወድቆ ነበርና ገዢ ታጣ። በ1932 የባንክ ኦፍ አሜሪካ መሥራች ጂያኒኒ ቦንዱን ባንካቸው እንዲገዛ ባይስማሙ ኖሮ ሥራው ባልተጀመረ ነበር። ጃንዋሪ 5 ቀን 1933 ተጀመረ።

በዚያን ጊዜ በድልድይ ሠሪዎች ዘንድ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ሥራ አንድ ሰው ይሞታል የሚል ልማዳዊ ስሌት ነበር። እኛን የሚያስደንቀን ቁጥሩ አይደለም፤ እንደ ዝናብና እንደ ነፋስ ከሰው ፈቃድ ውጭ የሆነ ነገር ተደርጎ መታየቱ ነው። ዋናው መሐንዲስ ጆሴፍ ስትራውስ ስሌቱን አልተቀበሉም። የራስ ቁር ማድረግ ግዴታ ሆነ፤ በብረቱ ላይ የሚቀልድና ድፍረቱን ሊያሳይ የሚሞክር ከሥራ ይሰናበት ነበር፤ በሥራው ቦታም ሐኪም ቤት ተቋቋመ። ከሁሉ በላይ ግን በሚሠራው መንገድ ሥር ከወፍራም ገመድ የተጐነጐነ፥ በግራና በቀኝ 10 ጫማ ያህል የተረፈ ትልቅ መረብ ተዘረጋ።

የመረቡ ዋጋ 130,000 ዶላር ገደማ ነበር። ይህን ለ35 ሚሊዮን ብናካፍለው ከ270 እጅ አንዱ ያህል ነው። በዚህ ገንዘብ 19 ሰዎች ከሞት ተረፉ፤ እነርሱም በቀልድ «እስከ ገሃነም እኩሌታ መንገድ የደረሱ ሰዎች ማኅበር» ብለው ራሳቸውን ሰየሙ። ደግሞም ሠራተኛው ፍርሃቱ ስለ ቀለለለት ሥራው እንደ ተፋጠነ ይነገራል፤ እንዲህ ከሆነ የመረቡ ዋጋ በከፊል ተመልሷል ማለት ነው።

እርግጥ ግድብና ድልድይ አንድ አይደሉም። በአንዱ የሚገድለው ድንጋይና ድማሚት፥ በሌላው ከፍታ ነው፤ ስለዚህ የሟቾቹን ቁጥር ብቻ አስተያይቶ መፍረድ ትክክል አይሆንም። የምናነጻጽረው ውሳኔውን ነው። ብዙ ገንዘብ የነበረው ሥራ ለጠበቃ ከፈለ፤ ያነሰ የነበረው መረብ ገዛ።

መረቡም ቢሆን ወሰን ነበረው። ለአራት ዓመት ያህል ማንም ሳይሞት ቆይቶ ኦክቶበር 21 ቀን 1936 አንድ ሠራተኛ ሞተ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1937 ደግሞ አርማታው ከደረቀ በኋላ ከመንገዱ ሥር የመሙያ ሣንቃ የሚነቅሉ ሰዎች የቆሙበት ተንጠልጣይ ርብራብ መያዣው ለቀቀና ወደቀ። መረቡ የተሠራው ሰው ሊሸከም እንጂ በቶን የሚመዘን ርብራብ ሊይዝ አልነበረም፤ ተቀደደ፥ 12 ሰዎችም ከርብራቡና ከመረቡ ጋር ወደ ባሕሩ ወረዱ። ከእነርሱ የተረፉት ሁለት ናቸው። ለመረቡ የተደረገው ጥንቃቄ ለርብራቡ መያዣ አልተደረገም ነበር።

ድልድዩ ሜይ 27 ቀን 1937 ለእግረኞች ተከፈተ። የሞቱት በጠቅላላው 11 ነበሩ፤ በልማዱ ስሌት ቢሆን 35 ይጠበቁ ነበር።