ከደንገል እስከ ማዳበሪያ፦ የፎገራ ሜዳ ታሪክ በሰፌድ ላይ

ወረታ ገበያ ውስጥ ሰው «አንድ ማዳበሪያ ሩዝ አለኝ» ቢል ዩሪያ የተቀላቀለበት ሩዝ የሚመስለው የለም። ማዳበሪያ ማለት ጆንያ ሆኗል። ዩሪያውና ዳፑ ማሳ ውስጥ ሟሙተው ሲቀሩ ስማቸውን ለመያዣቸው አውርሰው ሄዱ። ባዶውን ከረጢት ደግሞ የሚጥለው የለም። ታጥቦ እህል ይሰጣበታል። አራት አምስቱ ተጋጥሞ ሲሰፋ ምንጣፍ ይሆናል። ክሩ እየተተረተረ ገመድ ይገመድበታል፣ ሰፌድ ይጌጥበታል።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የፎገራን ሜዳ የሃምሳ ዓመት ታሪክ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ማንበብ የሚፈልግ ሰው ከሰፌዱ ቢጀምር አይሳሳትም። በቤት የሚሠራ ዕቃ የሚሠራው ከተገኘው ነው። የተገኘው ሲለወጥ ዕቃው ይለወጣል። ዕቃው ተለወጠ ማለት ደግሞ ከደጅ ያለው አገር ተለውጧል ማለት ነው።

የታሪክ መጻሕፍት የዚህን አካባቢ የእጅ ሥራ ሲያነሱ የሚቀናቸው ጋፋት ነው። ደብረ ታቦር ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ጋፋት ከእሷ አጠገብ ነው። አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንንና የአገሬውን ባለሙያ አንድ ላይ አድርገው፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ፣ ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚያ ነው። ሊነገርለት ይገባል። ግን ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ ቀረ። ጎታው፣ ሰፌዱ፣ ገሳውና ታንኳው ዕለት ዕለት ሰውን ሲመግቡ፣ ከዝናብ ሲያስጠልሉና ውሃ ሲያሻግሩ ኖሩ። የጻፈላቸው ግን ጥቂት ነው።

የፎገራ ሜዳ ጣና ዳር የተነጠፈ፣ ርብና ጉማራ የሚያቋርጡት መሬት ነው። ክረምት ላይ ወንዞቹ ሞልተው ሲወጡ ውሃ ይተኛበታል። ዛሬ ሩዝ የወደደውን ይህን ውሃ ቀድሞ የወደዱት ሣር፣ ፊላ፣ ቄጤማና ደንገል ነበሩ። የፎገራ ላም ስሟ የወጣው በዚህ ግጦሽ ነው። የሐይቁ ዳር ሰውም ከዚሁ ረግረግ የሚፈልገውን ሲያጭድ ኖሯል። ደንገሉ ተቆርጦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በእቅፍ በእቅፍ ይታሰራል፣ እቅፉ ከእቅፍ ጋር ተጠፍሮ ታንኳ ይሆናል። ምስማር አይገባበትም፣ የሚገዛ ነገር የለውም። ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ዳር ላይ ቆሞ ይደርቃል፤ ሲያረጅ በሌላ ይተካል።

እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ደንገልንና የደንገል ታንኳን አይቶ ጽፏል። ከእሱ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፆች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊያቋርጡ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሳ፣ ግብፅ ውስጥ የሚበቃ ደንገል አላገኘም። ያስመጣው ከጣና ነው። በ1969 «ራ» የተባለችው የመጀመሪያ ጀልባው ፒራሚዶቹ ሥር በቻድ ሐይቅ ሰዎች ተሠራች፤ አትላንቲክን ሳትጨርስ ተፈታታች። በዓመቱ፣ በደቡብ አሜሪካው ቲቲካካ ሐይቅ ላይ ጀልባ መሥራት የለመዱ አይማራዎች ሁለተኛዋን ሠሩ። እሷ ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነስታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። የሁለቱም ደንገል ከጣና የሄደ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው አሠራሩ ነው፤ እንዴት ማሰር እንዳለበት የሚያውቅ እጅ ከሌለ ደንገል ሣር ነው።

ይህን እጅ ይዘው የኖሩት በተለይ ወይጦዎች ናቸው። ታንኳውንም ወፍጮውንም ከእነሱ ሲገዛ የኖረ ሰው ከእነሱ ጋር ማዕድ አይቀርብም ነበር። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋም ከዚህ ንቀት አልዳኑም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አለፈው። «ቡዳ» የሚለው ቃል ግን ገና ከአፍ አልወጣም።

ሰፌድ መስፋት ከዚህ ንቀት ነፃ ነበር፤ የጨዋ ልጅ ሙያ ይባላል። የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ አክርማና ስንደዶ ይለቀማል። አንዱ ሣር በውስጥ ይሆናል፣ የተሰነጠቀውና ቀለም የተነከረው በላይ ይጠቀለላል። ሣሩ እንዳይሰበር በውሃ ይርሳል፣ ወስፌ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ስፌቱ ከመሐል ጀምሮ እየዞረ ይሰፋል። መሣሪያው ወስፌ ብቻ ነው። ወጪው ግን ጊዜ ነው፤ ያም የሴት ጊዜ፣ ውሃ ተቀድቶ እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ የተረፈው። «በቤት ውስጥ ካለ ነገር በቀላሉ የሚሠራ» ሲባል ይህ ድካም እንዳይረሳ።

ከዚያ ሩዝ መጣ። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግናና ሻጋ ላይ ከነበሩ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሠሩ። ዛሬም በየማሳው የሚገኘው «ኤክስ ጅግና» ስሙን የያዘው ከዚያ ነው። ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ወርቅ ሆነ። ሩዙ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆነ፣ ጠላም ተጠመቀበት፣ ወረታም የብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማዕከል መቀመጫ ሆነች። ይህን ለውጥ ማማረር አይቻልም፤ ብዙ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው፣ ብዙ ልጅ ትምህርት ቤት የገባው በሩዝ ነው።

ለሩዙ ግን መሬት ያስፈልግ ነበር። የታረሰው በአብዛኛው የጋራ የነበረው ነው፤ ግጦሹና ረግረጉ። የፎገራ ላም ቁጥር የተመናመነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሣሩ ሲታረስ ስንደዶ፣ ፊላና ደንገልም አብረው ታረሱ። ሰፌድ የምትሰፋ ሴት የሣር መሬት ተከፍሏት አታውቅም፤ የጋራው መሬት ነበር መጋዘኗ። መጋዘኑ ሲዘጋ ማንም አላማከራትም።

በዚሁ በፎገራ ወረዳ የአውራምባ ማኅበረሰብ ታሪክ ነገሩን ከሌላ ወገን ያሳያል። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው ማኅበረሰብ የእርሻ መሬቱ ጠባብ ስለሆነ በሽመና ኖረ። በሌላው አገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። እዚያ ግን ሥራው በፆታ አይከፈልም። እጅ መሬትን ሊተካ እንደሚችል አውራምባ አስመስክሯል፤ ግን ጥጡና ገበያው ሲኖር ነው።

የሌላው ቤት እጅም አልተቀመጠም። በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው የኤክስቴንሽን ፕሮግራም ማዳበሪያን በየገበሬው ደጅ ሲያደርስ ከረጢቱም አብሮ ገባ። ስንደዶ ያጣች ሴት የከረጢቱን ክር ተርትራ ሰፋችበት። የቆርቆሮ ጣሳ የገበያ መስፈሪያ ሆነ። የመድኃኒት ጠርሙስና የጨርቅ ፈትል ኩራዝ ሆኑ። ያረጀ ጎማ በረባሶ ሆነ፣ ያረጀ ካልሲ ኳስ። የእረኛ ልጅ ከአገዳ መነጽር ይሠራል፣ ከዋልካ ጭቃ በሬ ያበጃል። ጀሪካን እንስራን ሲያባርር የተከፋች ጀርባ የለችም፤ እንስራ ውብ ነው፣ ግን ባዶውንም ከባድ ነው። የድሮው ሁሉ ይመለስ የሚል ሰው መጀመሪያ ከወንዝ እስከ ቤት በእንስራ ውሃ ይቅዳ።

ሒሳቡ ግን አልተዘጋም። የከረጢቱ ዩሪያ ሩዙን ካበቀለ በኋላ የተረፈው በጎርፍ ታጥቦ በርብና በጉማራ ጣና ይገባል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ የሚወፍረው በእንዲህ ያለ ምግብ ነው። እምቦጩ ደግሞ ታርሶ የተረፈውን የደንገል ዳር ይወርራል። አንዱ ከረጢት ክሩን ለሰፌድ ሰጠ፤ ይዞት የመጣው ነገር የሰፌዱን ዘመዶች እየገደለ ነው።

ታዲያ እምቦጩን ራሱን ለምን አንሠራበትም የሚል አለ። ኬንያ ውስጥ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ግንዱን አድርቀው ቅርጫትና ወንበር ይሠሩበታል። የፎገራ እጅም ቢያገኘው ይሠራበታል፤ ያገኘውን መሥራት ልማዱ ነው። ግን ሸማችና ገቢ ያገኘ አረም እንዲጠፋ የሚፈልገው ሰው ይቀንሳል። የሐይቁን ችግር በሰፌድ ሰፊዋ ትከሻ ላይ መጫንም ፍትሕ አይደለም።

ከእሷ በፊት ሌላው ያለበትን ዕዳ ይክፈል። ናበጋና ዋገጠራን በመሰሉ የሐይቅ ዳር ቀበሌዎች የማይታረስና ከብት የማይገባበት የደንገል ዳር መከለል ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ደንገሉ ደለሉንም ይይዛል፣ ዓሣውም ይራባበታል። ታንኳ ማሰር የሚያውቁ ሽማግሌዎችና ስንደዶ የሚለዩ እናቶች ዛሬ በሕይወት አሉ፤ የትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ እነሱን ቢጋብዝ ምን ይጎድልበታል?

ዛሬ ፎገራ ውስጥ አንዲት ሴት ደጇ ላይ ተቀምጣ ሩዝ እያበጠረች ከሆነ፣ ሩዙን ያበቀለው ማዳበሪያ ነው፣ የሰፌዷ ጌጥም የማዳበሪያው ከረጢት ክር ነው። ብልሃቷ ሊደነቅ ይገባል። ግን ክሩን የመረጠችው ስንደዶና ከረጢት ጎን ለጎን ቀርበውላት አይደለም።