የቁልቁለት ጥያቄ፤ ከጋፋት መድፍ እስከ ባቡር ፍሬን

ስለ ጋፋት ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው እሳቱና የመድፉ አሠራር ነው። እኛ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ሌላውን ወገን ነው፤ ይኸውም በደጋ አገር ከባድ ሸክም ቁልቁል ሲወርድ በምን ይያዛል? የሚለው ነው።

ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፣ በዓፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ፣ ከአውሮጳ የመጡ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን የሴባስቶፖልን መድፍ ሠሩ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አስነሥተው፣ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆ አሻግረው፣ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መቅደላ አደረሱት። ዳገቱን የሚያወጣው የሰው ጉልበት ነው፤ በቁልቁለቱ ግን ያው ጉልበት ወደ ኋላ መያዝ አለበት። ሒሳቡን ብንሠራው፣ 7 ቶን ሸክም 1000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 19 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። ይህም ሁሉ በገመድ፣ በመንኰራኩርና በመሬት ፍትጊያ ሙቀት ሆኖ ከመጥፋት በቀር መሄጃ አልነበረውም።

ዛሬም ጥያቄው ያው ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ እንደ ጀመረው እንደ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር ያሉ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ፍሬን ሲይዙ ሞተራቸው ኤሌክትሪክ አመንጪ ይሆናል። የመነጨውን ኃይል የሚቀበል ሌላ ባቡር በመሥመሩ ላይ ከሌለ፣ ኃይሉ ሬዚስተር በሚባለው መሣሪያ አልፎ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከሬዚስተሮች የአንደኛው ዓይነት አሠራር እንዲህ ነው፤ ሙቀትንና ዝገትን የሚችል ላሜራ እየተፈራረቀ ይሰነጠቅና ከሁለት ወገን ይሳባል፤ ስንጥቆቹም ተከፍተው ወንፊት ይመስላል። ከብረቱ የሚጣል የለም፤ የኤሌክትሪኩ ጅረት በቀጫጭኑ ዘንግ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ መንገዱ ይረዝማል፤ ተቃውሞውም ይጨምራል፤ ነፋስም በቀዳዳዎቹ እያለፈ ሙቀቱን ይወስዳል።

ከመቅደላ ውድቀት በኋላ አውሮጳውያኑ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሪቱን ለቀው ወጡ፤ መድፉ መቅደላ ላይ ቀረ፤ የጋፋት ጥበብ ግን ሥር ሳይሰድ ተቋረጠ። ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው፤ ለደጋ አገር መንጃውን ማስመጣት ብቻ አይበቃም፤ መያዣውንም መሥራትና መጠገን መማር ያስፈልጋል። ላሜራ መሰንጠቅና መሳብ ደግሞ መድፍ ከማቅለጥ ይልቅ ለእጃችን የቀረበ ሥራ ነው።