የሺንሺቾ አካባቢ ገጠር ሴቶች፦ ከእንሰት ጓሮ እስከ ገበያ

ሺንሺቾ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በከምባታ ዞን የቃጫ ቢራ ወረዳ ማዕከል ናት። አካባቢው በአገሪቱ ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የገጠር ሥፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ የአብዛኛው አርሶ አደር ይዞታ ከአንድ ሄክታር በታች ነው። ከዚህ ጠባብ ማሳ ቤተሰቡን መግቦ ለገበያ የሚተርፍ ምርት የሚገኘው የእርሻውን ዓይነት በማብዛት በመሆኑ፣ ሴቶች ወደ ንግድ የገቡት በዚሁ መንገድ ነው።

የሥራው መሠረት እንሰት ነው። ተክሉ እንደ ሥፍራው ከፍታ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ቆይቶ ይደርሳል። መፋቁ፣ መጭመቁና በጉድጓድ ማብላላቱ በባህሉ የሴቶች ድርሻ ሲሆን፣ ወንድ ወደዚያ ዝር አይልም። ስለዚህም ቆጮው መቼ ከጉድጓድ እንደሚወጣና ቡላው ለቤት ወይስ ለገበያ እንደሚውል የምትወስነው በአብዛኛው እናት ናት። ቡላ ከቆጮ የላቀ ዋጋ ያወጣል፤ ቃጫውም ይሸጣል። ላሟ የእንሰት ቅጠል ትመገባለች፤ ፍግዋ ተመልሶ እንሰቱን ያለመልማል፤ ወተቷ ተንጦ ቅቤ ይወጣዋል። በእንሰቱ ጥላ ሥር ቡና፣ በጓሮው ዳርቻ ጎመን ይለማል። ሴቶች ቅቤ በተራ የሚሰጣጡበት ባህላዊ ዕቁብ ደግሞ "ብድርና ቁጠባ" የሚለው ስያሜ ሳይመጣ በፊት የንግድ መነሻ ገንዘብ ያስገኝ ነበር።

በአንድ ሰብል ላይ ብቻ መመካት የሚያስከትለው ጉዳት በዞኑ በተግባር ታይቷል። በሀዳሮና ጡንጦ አካባቢ ዋነኛ የገቢ ምንጭ የነበረው ዝንጅብል በ2004 ዓ.ም በተከሰተው የአጠውልግ በሽታ ክፉኛ ተመትቷል። እንሰትም ከተመሳሳይ በሽታ ነፃ አይደለም፤ በሽታው ፈውስ የሌለውና በመሣሪያ ጭምር የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ቢላዋውንና መፋቂያውን በእሳት ማጽዳት ዋነኛው መከላከያ ነው። ይህን ሥልጠና በቅድሚያ ማግኘት የሚገባት መሣሪያውን የምትይዘዋ ሴት ሆና ሳለ፣ የግብርና ኤክስቴንሽን አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ያተኮረው በባል ላይ ነበር።

ጉዳዩን ይበልጥ አሳሳቢ የሚያደርገው የወንዶች ፍልሰት ነው። ከሀዲያና ከከምባታ በርካታ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ በመሄዳቸው፣ እርሻውን በብቸኝነት የሚመሩ ሚስቶችና እናቶች ጥቂት አይደሉም። ባል በውጭ አገር እያለ በመዝገብ ላይ የቤተሰቡ ኃላፊ ሆኖ መቀጠሉ ለብድርና ለግብዓት አቅርቦት እንቅፋት እንደሚሆን ግልጽ ነው።

የፌዴራሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 የሴቶችን በመሬት የመጠቀም መብት አረጋግጧል። በ2016 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ ባለይዞታዎች የመጠቀም መብታቸውን ለብድር ዋስትና እንዲያቀርቡ ፈቅዷል። በመሆኑም በይዞታ ደብተሩ ላይ የሚስት ስም መስፈሩ ከማስረጃነት አልፎ የንግድ መነሻ ሆኗል። ኅዳር 2015 ዓ.ም በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የሚያተኩርባቸው ወተት፣ እንቁላልና ማርም በእነዚህ ሴቶች ጓሮ የሚመረቱ ናቸው። በቀበሌ ደረጃ የሚዘጋጅ የተጠቃሚዎች መዝገብ እማወራዎችን ብቻ ቆጥሮ ካበቃ ግን፣ ባለትዳሮቹ ቅቤና ቡላ ነጋዴዎች ከሪፖርቱ ውጪ ይቀራሉ።