ከምሳ ጠረጴዛ እስከ አንበሳ ግቢ

በ1932 በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት የሳንዲያጎ አውራጃ የግብር ሹም፣ የከተማይቱ መካነ አራዊት ያልከፈለው ውዝፍ ግብር አለበት ሲል ድርጅቱን ለሐራጅ አቀረበው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ነበር። ባንኮች በሚዘጉበት፣ ሠራተኛው ከየፋብሪካው በሚበተንበት በዚያ ወቅት አንበሳና ጎሪላ በጨረታ ገዝቶ በየቀኑ እየቀለበ ለማኖር የሚደፍር ሰው ከየት ይመጣል? አንድም ተጫራች ሳይቀርብ ቀረ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለሣቅ የሚወራ ጨዋታ በሆነ ነበር። ዳሩ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1934፣ የዚያችው ከተማ ነዋሪ ድምፅ እንዲሰጥበት ተጠይቆ፣ ለግብር ከተገመተው ንብረት ከእያንዳንዱ መቶ ዶላር ላይ ሁለት ሳንቲም ለመካነ አራዊቱ እንዲከፈል ወሰነ። በችግር ዘመን ለአራዊት ቀለብ ሲል በፈቃዱ በራሱ ላይ ግብር የሚጥል ሕዝብ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ይህ ውሳኔ ድንገት የተወለደ አልነበረም። ከበስተጀርባው የአንድ ማኅበርና የብዙ ትናንሽ ስብሰባዎች ታሪክ አለ። ከእነዚያም ስብሰባዎች መካከል የአገልግሎት ክበቦች በምሳ ሰዓት የሚያዘጋጁት ንግግር የራሱ ድርሻ ነበረው።

የአገልግሎት ክበብ የሚባለው ነገር የተጀመረው በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1905 በቺካጎ ከተማ ሲሆን፣ ጀማሪው ፖል ሀሪስ የተባለ ጠበቃ ነበር። ሀሪስ ከሦስት ወዳጆቹ ጋር የተገናኘው ጉስታቨስ ሎኧር በተባለ የማዕድን መሐንዲስ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ይህም ለሙያው ባልደረቦች ትንሽ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ከቀሩት ሁለቱ አንደኛው የድንጋይ ከሰል ነጋዴ፣ ሁለተኛው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ስብሰባው በየአባላቱ የሥራ ቦታ በዙር ይደረግ ስለነበር ክበቡ ሮታሪ ተባለ። በ1915 ኪዋኒስ በዲትሮይት፣ በ1917 ደግሞ ላየንስ በቺካጎ ተከተሉ፤ የዚህ የመጨረሻው ስም ትርጉም «አንበሶች» ማለት መሆኑ ለያዝነው ጉዳይ የተገጠመ ይመስላል። ሮታሪ በ1950ዎቹ አዲስ አበባም ደርሷል።

የእነዚህ ክበቦች ሥርዓት ቀላል ነው። አባላቱ በተወሰነ ቀን ይሰበሰባሉ፣ አብረው ይመገባሉ፣ ከዚያም አንድ እንግዳ ስለ ሥራው ያወራል። ንግግሩ አጭር ነው፤ ሰሚው ወደ ቢሮው የሚመለስበት ሰዓት አለበትና። እንዲህ ያለውን ንግግር ለምግብ ማወራረጃ እንጂ ለሌላ አይጠቅምም ብለው የሚንቁ አሉ። አንድ ጊዜ የተሰማ እንደ ሆነ ንቀቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ይሁንና በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች የሥራ ተቋራጮች፣ የባንክ ሹሞች፣ የጋዜጣ ባለቤቶችና ሐኪሞች መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። አንድ ጉዳይ እንዲህ ባሉ ሰዎች ጆሮ ከዓመት እስከ ዓመት ሲመላለስ በከተማው ምክር ቤት የሚሰማበት ቀን መምጣቱ አይቀርም።

ወደ ሳንዲያጎ እንመለስ። በ1915 የፓናማ ቦይ መከፈትን ምክንያት በማድረግ በከተማይቱ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር። ለእይታ ከቀረቡት ነገሮች መካከል በብረት ፍርግርግ የታጠሩ ጥቂት አራዊት ነበሩ። በሴፕቴምበር 1916 ሀሪ ዌግፎርዝ የተባለ ቀዶ ሐኪም ከወንድሙ ጋር በመኪና ሲያልፍ የአንበሳ ግሣት ሰማና ይህች ከተማ መካነ አራዊት ቢኖራት እንዴት መልካም ነበር፣ እኔ እጀምረዋለሁ አለ ይባላል። ወሬው በየጊዜው ሳይደምቅ አልቀረም። የማያጠራጥረው ግን በኦክቶበር 2 ቀን 1916 አምስት ሰዎች ተሰብስበው የሳንዲያጎ የአራዊት ማኅበርን ማቋቋማቸው ነው። ከአምስቱ የሚበዙት ሐኪሞች ነበሩ። ገንዘብም መሬትም አልነበራቸውም። የነበራቸው ከኤግዚቢሽኑ የተረፉ አራዊትና የማኅበሩ ስም ብቻ ነው።

የከተማው አስተዳደር በባልቦአ ፓርክ ውስጥ ቋሚ መሬት የሰጣቸው በ1921 ነው። መሬቱ ሸለቆና ገደል የበዛበት፣ ለሕንፃ ሥራ የማይመች ተብሎ የሚናቅ ዓይነት ነበር። ምህንድስናው የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ካርል ሀገንቤክ የተባለ ጀርመናዊ የአራዊት ነጋዴ እያንዳንዱ አውሬ ምን ያህል ርቀትና ምን ያህል ከፍታ መዝለል እንደሚችል መርምሮ፣ በተመልካቹና በአውሬው መካከል ከፍርግርግ ይልቅ ጥልቅ ጉድባ ማኖር እንደሚበቃ ተረድቶ ነበር። ለዚህ ዘዴ በ1896 የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ በ1907 ደግሞ በሀምቡርግ አጠገብ በስቴሊንገን ዘዴውን በሥራ ላይ አውሎ አሳየ። የሚለካው የብረቱ ውፍረት መሆኑ ቀርቶ የአውሬው የጡንቻ ኃይል ሆነ። ጉድባው ከተመልካቹ ዓይን ስለሚሰወር አንበሳው በነፃ መስክ ላይ የቆመ ይመስላል። የሳንዲያጎ ሸለቆዎች ለዚህ ዘዴ አስቀድመው የተቆፈሩ ያህል ነበሩ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ያለ ፍርግርግ የተሠራው የአንበሶች ክልል በአሜሪካ ከዚህ ዓይነት የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ነው።

ከጉድባው ይልቅ የማኅበሩን ዕድሜ ያራዘመው ግን ተራው አጥር ነበር። ኤለን ብራውኒንግ ስክሪፕስ የተባሉ በጎ አድራጊ ወይዘሮ ግቢው ዙሪያውን እንዲታጠር ገንዘብ ሰጡ። አጥር ያስፈለገው አራዊቱ እንዳያመልጡ አይደለም፤ ሰው ሳይከፍል እንዳይገባ ነው። ግቢው አጥር እስካልነበረው ድረስ የመግቢያ ዋጋ ማስከፈል አይቻልም ነበር፤ ያለ መግቢያ ዋጋም ቀለብ አይገኝም። ስለ መካነ አራዊት ግንባታ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ሀገንቤክ ጉድባ ብዙ ብለው ስለዚህ አጥር ዝም ማለታቸው ትክክል አይመስልም።

በ1925 ቤል ቤንችሊ የተባለች ሴት ለጊዜው በሒሳብ መዝገብ ያዥነት ተቀጠረች። ስለ አራዊት የተማረችው ትምህርት አልነበረም። ሆኖም ትኬት ከመሸጥ አንሥቶ ጎብኚ የሚጠይቀውን እስከ መመለስ ያልሠራችው ሥራ ስላልነበረ በ1927 የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ሆና ተሾመች፤ ስሙ ጸሐፊ ይሁን እንጂ ሥራው የዋና ሥራ አስኪያጅ ነበር። እስከ 1953 በዚሁ ቆየች። የአሜሪካ የመካነ አራዊት ባለሙያዎች ማኅበርም የመጀመሪያይቱ ሴት ፕሬዚዳንት አድርጎ መርጧታል።

ቤንችሊ በየክበቡና በየትምህርት ቤቱ እየተጋበዘች ስለ አራዊቱ ትናገር ነበር። የምትናገረውም ስለ ዝርያና ስለ ላቲን ስም ሳይሆን ስለ እያንዳንዱ እንስሳ ጠባይ ነው። ለዚህ የሚመች ጨዋታም አላጣችም። በ1931 ማርቲንና ኦሳ ጆንሰን የተባሉ ባልና ሚስት ተጓዦች ከቤልጅግ ኮንጎ ያመጧቸው እምቦንጎና እንጋጊ የተባሉ ሁለት ጎሪላዎች ወደ ሳንዲያጎ ገቡ። አንዱ ወንድ ሌላዪቱ ሴት ናቸው ተብሎ ዘር ይጠበቅባቸው ነበር፤ እያደር ሲታይ ግን ሁለቱም ወንዶች ሆነው ተገኙ። እንዲህ ያለ ወሬ በምሳ ሰዓት ሲነገር የሚደበተው ሰው የለም። ቀልዱን የሰማው ነጋዴ እሑድ ዕለት ልጆቹን ይዞ ጎሪላዎቹን ለማየት ይመጣል፤ ከመጣ በኋላ ግቢው የሌላ ሰው ንብረት አይመስለውም። በ1934 የተሰጠውን ድምፅ ለንግግር ብቻ መስጠት ማጋነን ይሆናል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ የማያውቀውንና ያልለመደውን ነገር ለማዳን ኪሱን ይከፍት ነበር ብሎ ማሰብ አይቻልም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚቆጭ ነገር አለ። ቤንችሊ በእነዚያ ጠረጴዛዎች ላይ እንግዳ ተናጋሪ መሆን ትችል ነበር እንጂ አባል መሆን አትችልም ነበር። ሮታሪ ሴቶችን አይቀበልም ነበር። በካሊፎርኒያ የምትገኘው የዱዋርቴ ከተማ ክበብ ሴቶችን በአባልነት በመቀበሉ ከድርጅቱ ተባረረ፤ ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሴቶች እንዳይከለከሉ የተወሰነው በ1987 ነው። ቤንችሊ ካረፈች ዐሥራ አራት ዓመት ሆኗት ነበር።

የአዲስ አበባው የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ የተወለደው በሌላ መንገድ ነው። ግቢውን በ1948 ያቋቋሙት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አንበሶች ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተያዙ አምስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች እንደ ነበሩ ይነገራል። ወንዶቹ ጎፈራቸው የጠቆረ፣ ከራስና ከአንገት አልፎ ደረታቸውንና ሆዳቸውን የሸፈነ ነው። የዘውዱ ምልክት ሞዓ አንበሳ ነበርና ሕያው አንበሳ በቤተ መንግሥት አካባቢ ማኖር ጌጥ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ምልክት ነበር። ስለዚህ ለግቢው አባል የሚመለምል፣ አጥር የሚያሳጥር፣ በየምሳው እየዞረ የሚያወራ ማኅበር አላስፈለገም። ባለቤቱ አንድ ነበር፤ እርሱም ሁሉን ይችላል።

በምህንድስና ዓይን ሲታይ ግቢው ዘመኑን የተከተለ አልነበረም። የስቴሊንገን ዘዴ ከታየ አርባ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ የስድስት ኪሎ አንበሶች የገቡት በክብ ቅርጽ በተሠራና በብረት ፍርግርግ በተከፋፈለ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ለአሠሪው ለመፍረድ መቸኮል ግን ተገቢ አይሆንም። የተፈለገው አንበሳው ከቅርብ እንዲታይ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ክብ ቅርጽ በትንሽ ቦታ ብዙ ተመልካች ያስተናግዳል። ጉድለቱ ለዘር መራባት የሚሆን ስፍራ ያልታሰበበት መሆኑ ነው። አንበሳ በግዞት በቀላሉ ይወልዳል፤ ግድግዳ ግን አይወልድም። አጠገቡ የግንፍሌና የቀበና ሸለቆዎች እያሉ ግቢው ሜዳ ላይ መታጨቁ ሳንዲያጎን ለሚያውቅ መሐንዲስ ሳያስቆጨው አይቀርም።

በ1974 ዘውዱ ወደቀ፤ አንበሶቹ ግን ነበሩ። ምልክትነታቸው ቀርቶ የከተማ አስተዳደር ወጪ ሆኑ። በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በአገሪቱ ነበር፤ ይሁንና የዚያ ማኅበር ዓይን በዋናው በዱሩና በሜዳው ላይ ያተኮረ ነው። ስለ ግቢው «የእኔ ነው» ብሎ የሚናገር የዜጎች ማኅበር አልተነሣም። ከተማው ግን አንበሶቹን ይወዳቸው ነበር፤ ስንቱ ልጅ በበዓል ቀን በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ አይቷቸዋል! በ2006 ግቢው ቦታና ገንዘብ ስለ ጠበበው ደቦሎችን በመርዝ እየገደለ ቆዳቸው ተሞልቶ ለጌጥ እንዲሸጥ እንደሚያደርግ በዓለም ጋዜጦች ተነገረ። ቁጣው ከየአገሩ መጣ፣ የእርዳታ ቃልም ተከተለ። ለግቢው በጀት በየዓመቱ የሚከራከር ሰሚና ተናጋሪ አስቀድሞ ቢኖር ኖሮ ነገሩ ለዜና ከመብቃቱ በፊት በተፈታ ነበር።

በ2012 የታተመ አንድ ጥናት የጉዳዩን ክብደት ገለጠው። ከእንግሊዝ የዮርክ ዩኒቨርሲቲና በጀርመን ላይፕዚግ ከሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም የተውጣጡ ተመራማሪዎች በግቢው ከነበሩት አንበሶች የዐሥራ አምስቱን፣ ማለት የስምንት ወንዶችና የሰባት ሴቶችን የዘር ቅንጣት መርምረው ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች ጋር አነጻጸሩ። የስድስት ኪሎዎቹ ከተነጻጸሩባቸው ሁሉ የተለዩ ሆነው ተገኙ። ጌጥ ተብለው የተያዙት፣ ደቦሎቻቸውም ትርፍ ተብለው የተወገዱት እነዚህ ነበሩ። ላይፕዚግ በ2004 ከአዲስ አበባ ጋር የእኅትማማችነት ውል የተፈራረመች ከተማ ናት። የእርስዋም መካነ አራዊት አንበሳ በማራባት ስሙ የታወቀ ሲሆን፣ በ1878 የጀመረው ኤርንስት ፒንከርት የተባለ የምግብ ቤት ባለቤት ነበር፤ አራዊቱን ያሳይ የነበረው ሊበላና ሊጠጣ ለሚመጣው ደንበኛው ነው።

በ2019 በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ በተከፈተው አንድነት ፓርክ ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች ለሕዝብ ቀርበዋል። የ2012ቱ ተመራማሪዎች ያሳሰቡት ግን ከእይታ ያለፈ ነገር ነበር። አንበሶቹ የዘር መዝገብ ተይዞላቸው፣ የቅርብ ዘመዳሞች እንዳይዳቀሉ እየተጠነቀቁ በአስቸኳይ እንዲያራቧቸው አሳሰቡ። በዱርም ያሉት እንዲፈለጉ ጠየቁ። በመልክ እነርሱን የሚመስሉ አንበሶች በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሐረር አቅራቢያ በሚገኘው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ እንደሚኖሩ በዚያው ጊዜ ተገልጾ ነበር።