ከይፋት እስከ አምስተርዳም፦ ሽለላና የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን

የአንድ ሕዝብ ዜማ በተወለደበት ሁኔታ ብቻ የሚኖር ቢሆን ኖሮ፣ ሁኔታው ሲያልፍ ዜማውም አብሮ ባለፈ ነበር። ሽለላ የጦር ሜዳ ልጅ ነው። ጋሻና ጦር ከተሰቀሉበት ወርደው፣ ፈረስ ተለጉሞ፣ ወንድ ልጅ ወደ ዘመቻ የሚወጣበት ያ የጥንቱ ሥርዓት ዛሬ የለም። ሽለላ ግን አለ። እንዲኖር ካደረጉት የጥበብ ሰዎች አንዱ፣ በይፋት ምድር ተወልዶ በአዲስ አበባ ኦርኬስትራዎች ውስጥ የጎለመሰው የሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያ ነው። የሕይወቱ ታሪክ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ለመመርመር ያስችላል። ይኸውም አንድ ቅርስ በአዲስ መሣሪያና በአዲስ አድማጭ ዘንድ ሲሰማ ከእርሱ የሚተርፈው ምንድን ነው? የሚቀረውስ ምንድን ነው? የሚለው ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የጣርማበርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ይዞ ቁልቁል ሲወርድ፣ የደጋው ብርድ ወደ ኋላ ይቀርና የይፋት ቆላ ይገለጣል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት የዚህ ቆላ ታዋቂ ከተማ ናት። ማሽላና ማሾ የሚዘራበት፣ ሽንኩርትና ፍራፍሬ በመስኖ የሚለማበት ይህ አገር፣ በምዕራብ በኩል ከሸዋ ደጋ፣ በምሥራቅ በኩል ከአፋር ሜዳ ጋር ይዋሰናል። አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ኦሮሞው በአንድ ገበያ ሲገናኙበት ኖረዋል። ከ13ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የይፋትን ሱልጣኔት መሥርቶ፣ ከዘይላ ወደብ ወደ መሐል አገር የሚገባውን የንግድ መንገድ በእጁ አድርጎ ነበር። ይፋት እንግዲህ የደጋና የቆላ፣ የሃይማኖትና የሃይማኖት፣ የንግድና የዘመቻ መተላለፊያ በር ነው። በእንዲህ ያለ የወሰን አገር ጀግንነት መወደሱ፣ የጀግንነትም ቃል ዜማ ማግኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሽለላ፣ ፉከራና ቀረርቶ አብዛኛውን ጊዜ በአንድነት ይጠራሉ፤ በአንድ መድረክም ተከታትለው ይሰማሉ። ቀረርቶው ድምፅን አርዝሞና አንቆርቁሮ የልብን ቁጭት ያወጣል። ፉከራው በፈጣን ንግግር ግዳይን፣ ዘርንና አገርን ይቆጥራል። ሽለላው ደግሞ በዜማ ወኔን ይቀሰቅሳል። ይህ ጥበብ በዘመቻ ዋዜማ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ከአደን መልስ፣ በሠርግ ቤት፣ በደቦ ሥራ ላይ፣ የሟች ጀግንነት በሚነገርበት ልቅሶም ይሰማ ነበር። በሙዚቃ ረገድ ሲታይ፣ ሽለላ የተወሰነ ምት የለውም። ልኩ የሰው ትንፋሽ ነው። ሸላዩ በአንድ ትንፋሽ ቃላቱን ያዥጎደጉዳል፤ ከዚያም አንዷን ድምፅ ይዞ ያንቀጠቅጣታል፤ ትንፋሹ ሲያልቅ ይቆርጣል፤ ጥቂት ተንጎራዶም እንደ አዲስ ይነሣል። አጃቢ መሣሪያ ቢኖርም ባይኖርም ይቆማል።

ጌታቸው መኩሪያ በይፋት የተወለደው በ1927 ዓ.ም. ነው። ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ የኪነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ሌላም ትርጉም አለው። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በድንበር ላይ ሲከማች፣ ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ለመቀስቀስ የሀገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነበር። ወረራውም በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ተከተለ። ስለዚህ ጌታቸው የተወለደበት ትውልድ ሽለላን ከአባቶች ትረካ ብቻ የሰማ አልነበረም፤ በአርበኝነቱ ዘመን ሽለላ ገና በሥራ ላይ ያለ፣ ደም ያለበት ቃል ነበር።

ልጁ በመጀመሪያ ያነሣቸው መሣሪያዎች ክራርና መሰንቆ ናቸው። ቀጥሎም ወደ ሳክስፎንና ክላርኔት ተሻገረ። ይህ መሻገር እንዴት እንደተቻለ ለመረዳት የዘመናዊ ሙዚቃን አመጣጥ ባጭሩ ማስታወስ ያሻል። ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡት የነሐስ መሣሪያዎች፣ በኋላም በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ወጣቶችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በአዲስ አበባ የማርሽ ባንድን ልማድ ተከሉ። ከድል በኋላም የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን የማዘጋጃ ቤቱን የሙዚቃ ጓድ መርቶ በርካታ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን አሠለጠነ። ጌታቸው ገና ታዳጊ ሳለ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ወደዚሁ የማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በሩን ሲከፍት ከቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራ ጋር ተቀላቀለ። በ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ ደግሞ እንደ ሂሩት በቀለና ዓለማየሁ እሸቴ ያሉ ድምፃውያን ወደታወቁበት ወደ ፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ተዛወረ።

የኦርኬስትራ ተጫዋች ሕይወት የማኅበር ሕይወት ነው። የደንብ ልብስ ይለብሳል፤ በኖታ የተጻፈለትን ይጫወታል፤ ድምፃዊውን ያጅባል። የብቻው የሆነ ቃል የሚናገርበት ጊዜ ጥቂት ነው። የጌታቸው ታላቅነት የሚታየው በዚህች ጥቂት ጊዜ የፈጸመው ነገር ሲመረመር ነው። ሽለላን ከሰው ጉሮሮ ወስዶ በሳክስፎን አናገረው። ምርጫው የዘፈቀደ አልነበረም። ሳክስፎን ቤልጅጋዊው አዶልፍ ሳክስ በ19ኛው ምእት ዓመት የፈለሰፈው መሣሪያ ሲሆን፣ ከትንፋሽ መሣሪያዎች መካከል ለሰው ድምፅ እጅግ ከሚቀርቡት አንዱ ነው። ልኩ ትንፋሽ የሆነ ዜማ በትንፋሽ መሣሪያ ሲጫወቱት ባሕርዩን አይለቅም። ጌታቸው የሸላዩን ጥድፊያ በጣቶቹ፣ የድምፁን መንቀጥቀጥ በከንፈሩ፣ ቁርጥ አድርጎ ዝም ማለቱን በትንፋሹ ተረጎመ። በመድረክም ጎፈር በራሱ ላይ ደፍቶ፣ ለምድ ደርቦ እየተንጎራደደ ይጫወት ነበር። ይህ ለመታያ ያህል የተደረገ ጌጥ አልነበረም፤ ሽለላ ከአካል እንቅስቃሴና ከጀግና ልብስ ተለይቶ እንደማይታይ ከማወቅ የመነጨ ነው።

ይህ ሥራ ለትውልድ ሊተላለፍ የቻለው በሸክላ ስለተቀረጸ ነው። ቀደም ሲል ዜማን በሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ገደብ አልፎ በራሱ ስም የዓለማየሁ እሸቴን ዜማዎች በሕንድ አገር አሳተመ። የግል አሳታሚነት መንገድ በዚህ ተጠረገ። በዚያው ዘመን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የጌታቸው ሳክስፎን በፊሊፕስ ኩባንያ ሸክላ ወጣ። ድምፃዊ የሌለበት፣ ሳክስፎን ራሱ ተናጋሪ የሆነበት ሙሉ ሸክላ በገበያው ላይ እምብዛም የተለመደ አልነበረም። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ግን የሸክላ ኅትመት እየተዳከመ ሄዶ ቀረ፤ ካሴት ተተካ። ለዓመታት የቆየው የሰዓት እላፊ የከተማዋን የሌሊት መድረክ ዘጋ። ትልልቆቹ የነፋስ መሣሪያ ጓዶችም ቀስ በቀስ ቦታቸውን ለአነስተኛ ባንዶችና ለኤሌክትሪክ ኪቦርድ ለቀቁ። አዲሱ አድማጭ የሳክስፎኑን ሽለላ ሳይሰማ አደገ።

ሸክላው ግን ተናግሮ አልጨረሰም ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮጵያን የቆዩ ሸክላዎች እየሰበሰበ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ በተከታታይ ማሳተም ጀመረ። 14ኛው ቅጽ፣ «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» የሚል ስያሜ ተሰጥቶት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ለጌታቸው ብቻ ተመደበ። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህን ሙዚቃ የሚከታተል፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚያስተላልፍ የአድማጮች ኅብረት ተፈጠረ። በመካከላቸውም የኔዘርላንዱ «ዘ ኤክስ» ባንድ ነበር። ይህ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1979 ከፓንክ እንቅስቃሴ የተወለደ፣ ለትልልቅ ኩባንያዎች ሳይፈርም ሥራውን ራሱ እያሳተመ የኖረ ነው። ወደ ኢትዮጵያም መጥቶ በተለያዩ ከተሞች ተጫውቷል።

እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2004 ባንዱ 25ኛ ዓመቱን በአምስተርዳም ሲያከብር ጌታቸውን በእንግድነት ጋበዘ። ዕድሜው ወደ 70 የተጠጋው ጌታቸው ተጫውቶ ብቻ አልተመለሰም፤ ለሚቀጥለው ሥራው ባንዱ አጃቢው እንዲሆን ራሱ ጠየቀ። ግማሽ ምእት ዓመት ሌሎችን ያጀበ ሰው አጃቢውን መረጠ ማለት ነው። ከዚህም እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለው አልበም ወጣ፤ ከዜማዎቹ መካከልም «ቼ በለው» የተሰኘው ሽለላ ይገኛል። በአውሮፓ ከተሞች ብዙ ትርኢት ቀርቧል። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር አደባባይ፣ ማሕሙድ አሕመድና ዓለማየሁ እሸቴም በተገኙበት ምሽት፣ ጌታቸው ከዚሁ ባንድ ጋር ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ» ተከተለ።

የውጭ አገር ተቺዎች ሲሰሙት በእጅጉ ተደነቁ። ከአሜሪካኖቹ ኦርኔት ኮልማንና አልበርት አይለር ጋርም አነጻጸሩት። ማነጻጸሩ ክብር ነው፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። ጌታቸው ከምት ነጻ ሆኖ የተጫወተው የጃዝን ሕግ ለመጣስ አይደለም። የሽለላን ሕግ ስለጠበቀ ነው። ለባዕዱ ጆሮ ሥርዓት አልባ የመሰለው፣ ለሽለላ አዋቂ ፍጹም ሥርዓት ነበር።

እዚህ ላይ የነገሩ ቁም ነገር ይደረሳል። ሳክስፎን ቃል የለውም። ሽለላ ግን ዜማ ብቻ አይደለም፤ ግጥም ነው፣ የዘር ቆጠራ ነው፣ የወንዝና የተራራ ስም ነው፣ የውሎ ምስክር ነው። ሽለላን ሲሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ የጌታቸውን ሳክስፎን ሲያዳምጥ ቃሉን በልቡ ይሞላል፤ ቃል የሌለው ዜማ ለእርሱ ቃል አለው። የአምስተርዳም አድማጭ ግን የሚሰማው ኃይሉንና ውበቱን ብቻ ነው። ይህ የእርሱ ጥፋት አይደለም። ጥያቄው ነገ በሸዋ ሮቢት ወይም በአጣዬ የሚያድገው ልጅ እንደ የትኛው አድማጭ ይሰማል? የሚለው ነው። ቃሉን የማያውቅ ትውልድ ከተተካ፣ የይፋት ልጅ የነፋው ሽለላ በይፋትም ውስጥ የባዕድ ድምፅ ይሆናል።

ይህ ሥጋት የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ ምዕራባዊ ጫፍ በምትገኘው ብሪታኒ፣ የኬልት ሕዝቦች ጥንታዊ በገና ከመረሳት የዳነው በሙዚቀኛው አለን ስቲቬል ነው። አባቱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መሣሪያውን መልሶ ሠራው፤ ልጁም በ1970ዎቹ ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር አዋህዶ በዓለም ዙሪያ አሰማው። ዛሬ በገናው ብዙ ተጫዋችና ብዙ ወዳጅ አለው። ዜማዎቹ የተቀኙበት የብሪታኒ ቋንቋ ግን ዩኔስኮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል የመደበው ነው። መሣሪያው ተርፎ ቃሉ እየደከመ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ አዲስ መሣሪያ ዜማን ያድናል፤ ቃልን የሚያድን ግን ቃሉን የሚያውቅ ሕዝብ ብቻ ነው።

ጌታቸው መኩሪያ መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በ81 ዓመቱ ዐረፈ። የእርሱ ድርሻ ተፈጽሟል፤ ዜማውን ከጦር ሜዳ አውጥቶ ለዓለም አደባባይ አብቅቶታል። የቀረው ድርሻ የሌሎች ነው። የባህል ሠራተኛው የሽለላና የፉከራ ቃላትን ከአዛውንቶች አንደበት፣ ከነተናጋሪው ስምና ከነቦታው፣ ሊቀርጽ ይገባዋል። በይፋት ይህ ሥራ የአማርኛውን ብቻ ሳይሆን የአርጎባውን፣ የአፋሩንና የኦሮሞውን የጀግንነት ቃልም ያጠቃልላል። መምህሩ የሳክስፎኑን ሽለላ በክፍል ውስጥ አሰምቶ፣ ተማሪዎቹ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ቃል እንዲያመጡለት ሊጠይቅ ይችላል፤ ለዚህ አንድ ማጫወቻና አንድ ደብተር ይበቃል። ሙዚቀኛውም ጌታቸውን ከመኮረጅ ይልቅ፣ ጌታቸው ያደረገውን ሊያደርግ ይገባዋል። ይኸውም አስቀድሞ ሸላዩን በሚገባ ማዳመጥ፣ መሣሪያውን ከዚያ በኋላ ማንሣት ነው።